ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ

በአፋር ፕሮሶፒስን መቁረጥ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። አስቸጋሪው ሥራ መጥረቢያው ከተቀመጠ በኋላ ያለው ነው።

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቶ በገዋኔ በኩል ወደ ሚሌ የሚጓዝ መንገደኛ በግንቦት ሐሩር ያልጠበቀውን ነገር ያያል። ሜዳው አቧራ ለብሷል፤ ኮረብታው በድንጋይ ጠቁሯል፤ አስፋልቱ ይነዳል። የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ ግን ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ለኪሎ ሜትሮች ተዘርግቷል። ከመኪና መስኮት ሲታይ ደስ ይላል፤ በረሃው የለማ ይመስላል።

በመንገዱ ዳር ከብቱን የሚነዳው አፋር ያንኑ አረንጓዴ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። ከዛፉ ሥር ሣር የለም። ቅርንጫፎቹ ከመሬት ጀምረው ስለሚጠላለፉ ላም አታልፍባቸውም፤ ሰውም ቢሆን ገጀራ ካልያዘ አይሻገርም። እሾሁ የከብት ኮቴ ይወጋል፤ በረባሶ ጫማ ይበሳል፤ የመኪና ጎማ ያስተነፍሳል። ወንዙ እዚያው አጠገብ እየፈሰሰ ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት በር ተዘግቷል። ጥሻው የጅብ መደበቂያ ስለሆነም ጠቦትና ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ወደዚያ መጠጋት ይፈራል።

ዛፉ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይባላል። አገሩ መካከለኛው አሜሪካ፣ ካሪቢያንና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ነው። አፋሮች የገባበትን ዘመን አስታውሰው ‘ደርጊ ሐራ’ ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ኃይሉ ሽፈራውና ባልደረቦቻቸው የሳተላይት ምስልንና የመስክ ልኬትን አጣምረው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ዛፉ በ35 ዓመት ውስጥ በአፋር ክልል ወደ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ላይ መሠራጨቱን አሳይተዋል። የሳሳውም ጥቅጥቅ ያለውም አንድ ላይ ሲቆጠር ከሦስት የጣና ሐይቆች ስፋት ይበልጣል። በአማካይ ሲሰላ በየዓመቱ ከ30 ሺህ ሄክታር በላይ ይዟል ማለት ነው።

ይህ ዛፍ መቆረጥ እንዳለበት የሚከራከር ሰው ዛሬ ብዙ አይገኝም። ሲቆረጥም ኖሯል፤ ለከሰል፣ ለጥጥና ለስንዴ እርሻ፣ በሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ፣ በዘመቻ። ያልተመለሱት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። የተመነጠረውን መሬት በሁለተኛው ክረምት ማን ይጠብቀዋል? ምን ይበቅልበታል? ሣሩስ ሲመለስ የማን ነው? ለእነዚህ መልስ በተገኘበት ቦታ ሣሩ ይመለሳል፤ ባልተገኘበት ዛፉ ይመለሳል።

መሬቱ አስቀድሞ ተወስዶ ነበር

የፕሮሶፒስ ታሪክ የሚጀምረው ከዛፉ በፊት ነው። የአፋር አርብቶ አደር ኑሮ በሁለት ዓይነት ግጦሽ ላይ ቆሞ ኖሯል። ዋናው ዝናብ ከርማ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲዘንብ ከወንዙ ርቆ ሜዳው ላይ ይበተናል። ሜዳው ሲደርቅ ወደ አዋሽ ዳርቻ ይሰበሰባል። ወንዙ ሞልቶ እየወጣ የሚያጠጣው ረግረጋማ ሜዳ የክፉ ቀን ስንቅ ነበር። ማን መቼ እንደሚገባበት የሚወስኑት ጎሳዎቹ ናቸው። ‘ደሶ’ በሚሉት ልማድ የተወሰነ የግጦሽ ቦታ ለችግር ጊዜ ይከለከላል፤ ክልከላውን የጣሰ በዕድሜ እኩዮች ማኅበር በ‘ፊዕማ’ ይቀጣል።

እ.ኤ.አ. በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሲቋቋም ያ የወንዝ ዳርቻ ለመስኖ ተፈለገ። ተንዳሆ ላይ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የጥጥ እርሻ ከፍቶ ነበር፤ በመካከለኛው አዋሽም ሰፋፊ እርሻዎች ተከተሉ። ለአገሪቱ ጥጥ ተመረተ። አርብቶ አደሩ ግን በድርቅ ጊዜ የሚሸሽበትን ግጦሽ አጣ፤ ጎሳውም በመሬቱ ላይ የነበረው የማዘዝ ሥልጣን ላላ።

ፕሮሶፒስ የገባው በዚህ መሬት ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋና በመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች ዙሪያ ተተከለ፤ ከዚያም በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ተስፋፋ። ያመጡት ሰዎች ዓላማቸው መልካም ነበር። ከሳሄል ድርቅ በኋላ ዓለም በረሃማነትን የሚገታ ተክል ሲፈልግ፣ ድርቅና ጨዋማ አፈር የሚችለው ፈጣን ዛፍ መድኃኒት መስሎ ታየ። ለጥጡ ነፋስ መከላከያ፣ ለሠራተኛው ጥላ፣ ለከተማው ማገዶ፣ ለቤቱ አጥር ይሆናል ተባለ። ሆነም። ዛሬም ቢሆን በሎጊያ ወይም በድሬዳዋ ሐሩር ከፕሮሶፒስ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ሰው ዛፉን ያመሰግነዋል እንጂ አይረግመውም።

ጣጣው የመጣው ከአጥሩ ሲወጣ ነው። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙዎቹ የጥጥ እርሻዎች ሲዳከሙና ሲተዉ፣ ቦይ የተቆፈረለት፣ ሣሩ ቀድሞ የተገፈፈ፣ የሚያዝበት ሰው የሌለው መሬት ቀረ። ዛፉ ከዚህ የተሻለ ግብዣ ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ጣፋጭ ፍሬ፣ መራራ መዘዝ

ፕሮሶፒስን ለማሸነፍ ያስቸገረው አንድ ብልሃት አይደለም፤ ብልሃቶቹ ተደጋጋፊ መሆናቸው ነው። ቢጫው ረጅም ፍሬው ስኳር አለው። ሌላው ሁሉ በደረቀበት ወቅት መሬት ላይ ወድቆ ስለሚገኝ ፍየሉም ላሙም ግመሉም ይሻማበታል። ሥጋው ይፈጫል፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ዘር ግን ከሆድ ሳይጎዳ ይወጣል። በእበትና በበጠጥ ተጠቅልሎ፣ ማዳበሪያውን ይዞ፣ ከብቱ በሄደበት ሁሉ ይዘራል። መንጋ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ወደ ገበያ ሲነዳ ደግሞ ከዚያ ይርቃል። የቀረውን ጎርፍ ይወስደዋል። አፈር ውስጥ የገባው ዘር ከዓመት ዓመት ተኝቶ ዝናብ መጠበቅ ይችላል።

ከበቀለ በኋላ ሥሩ ወደ ታች ይሮጣል። አሜሪካ ውስጥ አሪዞና ላይ አንድ የማዕድን ጉድጓድ ሲቆፈር የዚሁ ዝርያ ዘመድ ሥር ከ50 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። ሣሩና ግራሩ በደረቁበት ወቅት ፕሮሶፒስ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው በዚህ ነው። ኃይሉ ሽፈራውና ባልደረቦቻቸው በአፋር ዛፎች ላይ መለኪያ አስረው ባደረጉት ሌላ ጥናት አንድ ዛፍ በአማካይ በቀን ወደ 7 ሊትር ውሃ እንደሚጠቀም፣ በክልሉ ያለው ሁሉ ሲደመር በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ እንደሚሆን ገምተዋል። ወደ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ለሚያልቅ ወንዝ ሸለቆ ይህ ቀላል ዕዳ አይደለም።

ፍሬው ሲበዛ ከብቱንም ይጎዳል። ሌላ መኖ ሳይቀላቀልበት ለረጅም ጊዜ የሚመገብ እንስሳ ጨጓራው ይታወካል፤ ስኳሩ ጥርሱን ያበላሻል፤ መንጋጋው ይጣመማል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከኬንያ ባሪንጎ ሐይቅ ዳርቻ የመጡ የኢልቻሙስ ማኅበረሰብ አባላት መንግሥታቸውን ናይሮቢ ላይ ሲከሱ፣ ጥርሷ ያለቀ ፍየል ይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዛፉ በባሪንጎ የተተከለው እንደ አፋሩ ሁሉ ለማገዶና በረሃን ለመግታት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ሪፖርት፣ ካርታና ስብሰባ ያላስረዱትን ነገር አንዲት ፍየል አስረዳች፤ ጉዳዩም በዓለም ጋዜጦች ወጣ።

ጉዳቱ በከብት አያበቃም። በኬንያና በኢትዮጵያ ብቻ የቀረው የግሬቪ የሜዳ አህያ ከሚገኝባቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ የሆነው የሐላይደጌ ሜዳ በዚሁ ዛፍ እየተገፋ ነው። ማሊ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የፕሮሶፒስ አበባ ከመንደሮች ዙሪያ ሲነሳ የወባ ትንኝ ቁጥር ወደ 70 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል፤ ትንኞቹ ከአበባው የሚቀስሙት ስኳር ዕድሜያቸውን ያራዝምላቸው ነበር።

የከሰሉ ወጥመድ

‘ካልቻልከው ተጠቀምበት’ የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ሲሰማ ብልህ ይመስላል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በገዋኔና በአሚባራ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲደራጁ ረዳ። ሥራው ሁለት ገጽ ነበረው። አንደኛው ፍሬውን ሰብስቦ በወፍጮ ፈጭቶ መኖ ማድረግ ነው፤ ወፍጮው ዘሩን ስለሚሰብር እንስሳው ቢበላውም አይበቅልም። ሁለተኛው ዛፉን ቆርጦ ከሰል አክስሎ መሸጥ ነው። የፕሮሶፒስ ከሰል ጠንካራ ነው፤ አዲስ አበባ ገበያ አለው። ከአዋሽ ወደ መሀል አገር በሚወስደው መንገድ ዳር የተደረደሩት ጆንያዎችና ከሰል የጫኑት አይሱዙዎች ንግዱ ምን ያህል እንደሰፋ ይመሰክራሉ።

ግን ከሰል የሚያከስል ሰው የሚፈልገው ዛፉ እንዲጠፋ አይደለም። ጉቶውን ነቅሎ ማውጣት ላብ ይጠይቃል፤ ዋጋ ግን አይጨምርለትም። ስለዚህ ለመጥረቢያው በሚመቸው ቁመት ይቆርጠዋል። ከጉቶው ብዙ አዳዲስ ቅርንጫፎች ያቆጠቁጣሉ፤ አንድ ግንድ የነበረው ቁጥቋጦ ይሆናል፤ በጥቂት ዓመት ተመልሶ ይቆረጣል። ለነጋዴው ይህ ማለፊያ ነው። ሣር ለሚፈልገው አርብቶ አደር ግን ጥሻው ከበፊቱ የባሰ ይሆንበታል።

ሌላም መዘዝ መጣ። ከሰል ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ከፕሮሶፒስ ይሁን ከአገሬው ግራር ኬላ ላይ ቆሞ የሚለይ የለም። የፕሮሶፒስ ፈቃድ ለግራሩ መጨፍጨፍ ሽፋን እየሆነ ስላስቸገረ ባለሥልጣናት ፈቃዱን የከለከሉበት ጊዜ ነበር። በዚህ መሀል ለዘመናት የእንስሳ መኖ፣ ጥላና መድኃኒት የነበሩ ዛፎች አብረው ሄዱ። አፋሮች ጥርስ የሚፍቁበት አዳይቶና በረሃብ ዘመን ፍሬው የሚበላው ገርሳ በአንድ ትውልድ የሚተኩ ዛፎች አይደሉም።

ይህ ወጥመድ የአፋር ብቻ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ፕሮሶፒስን በነፍሳት ለመቆጣጠር ስትነሳ ፍሬውን ለከብቶቻቸው የሚፈልጉ ገበሬዎች ስለነበሩ ዘሩን ብቻ የሚበላ ጥንዚዛ መረጠች፤ እ.ኤ.አ. በ1987 ተለቀቀ። ዛፉ መስፋፋቱን ቀጠለ። ዛፉ ተወዳጅ ባልነበረባት አውስትራሊያ ቅጠሉን የሚያደርቅ የእሳት ራት ተለቆ ዕድገቱን በእጅጉ ገታው። የሚጠላን ነገር ገቢ ማስገኛ ማድረግ፣ እንዲቆይ የሚፈልጉ ሰዎችንም አብሮ ያፈራል።

ይህ ማለት ከሰሉ ይቁም ማለት አይደለም። ጥቅጥቅ ያለውን ጥሻ መመንጠር ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ከእንጨቱ የሚገኘው ገቢ ከወጪው የተወሰነውን ይሸፍናል። ልዩነቱ በውሉ ላይ ነው። የመቁረጥ ፈቃድ ‘ጉቶው ተነቅሎ መሬቱ ለጎሳው ይመለሳል’ ከሚል ግዴታ ጋር ሲሰጥ ከሰሉ የማጽጃው አካል ይሆናል። ግዴታው ሲቀር ከሰሉ የዛፉ አትክልተኛ ነው።

ጉቶው፣ በጠጡ፣ ሣሩ

ሥራውን ከቅርብ ላየው ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ዶማው ከመጥረቢያው እንደሚበልጥ ነው። ፕሮሶፒስ የሚያቆጠቁጠው ከሥሩ አናት፣ ከመሬት ትንሽ ዝቅ ብሎ ካለው ክፍል ነው። አፈሩ ዙሪያውን ተቆፍሮ እንደ ዛፉ ውፍረት ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከመሬት በታች ሲቆረጥ አብዛኛው አይመለስም። ያ የማይቻል ሲሆን የተቆረጠው ጉቶ ላይ ወዲያው ፀረ አረም ይቀባል። ሁለቱም እሾህ መሀል ተንበርክኮ የሚሠራ፣ ጓንትና ጠንካራ ጫማ የሚፈልግ ከባድ ሥራ ነው። ዶዘር ቀኑን ያሳጥራል፤ ሥሩን ግን ብዙ ጊዜ ሰብሮ ስለሚተወው ከየስባሪው ያቆጠቁጣል።

ሁለተኛው ትምህርት የዝናቡ ነው። ከተመነጠረ በኋላ የመጀመሪያው ከርማ ሲዘንብ መሬቱ በችግኝ ይሞላል፤ ለዓመታት የተኛው ዘር ሁሉ አንድ ላይ ይነቃል። በዚያን ጊዜ አፈሩ ርጥብ፣ ሥሩ አጭር ስለሆነ ልጆችም ሳይቀሩ በእጅ ሊነቅሉት ይችላሉ። በሚቀጥለው ዓመት ዶማ ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ዓመት ጥሻ ሆኗል። ብዙ ፕሮጀክት የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ለምንጠራው ተመድቧል፤ ፎቶው ተነስቷል፤ ሪፖርቱ ‘ይህን ያህል ሄክታር ጸድቷል’ ብሎ ተዘግቷል። ችግኙ የሚበቅለው ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ከተዛወረ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የከብቱ ነው። ፍሬ ሲበላ የከረመ መንጋ በተጸዳ መሬት ላይ ሲለቀቅ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ እንስሳቱ በሆዳቸው ያለው ዘር እስኪወጣ ጥቂት ቀን በረት ውስጥ መቆየት፣ የበረቱም እበት መቃጠል ወይም መቀበር አለበት። ግን የጠማው መንጋ ያለበትን ሰው ‘ቆይ’ ማለት የሚችል ማን ነው? የወረዳው ባለሙያ አይችልም። ጎሳው ይችላል።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሣሩ ነው። ዛፉ ለረጅም ዓመታት ጥቅጥቅ ብሎ በኖረበት ቦታ የአገሬው ሣር ዘር አፈሩ ውስጥ አይጠብቅም፤ የሣር ዘር እንደ ፕሮሶፒስ ዘር ዕድሜ የለውም። ዛፉ ከሳሳበት ቦታ ሲነሳ ሣሩ ራሱ ይመለሳል፤ ጥቅጥቅ ካለበት ሲነሳ ግን መዘራት አለበት። በጨረቃ ቅርጽ በተቆፈሩ ትናንሽ ጉድጓዶች ዝናቡን ማቆም፣ በውስጣቸው የአገሬውን ሣር መዝራት፣ የተቆረጠውን እሾህ በዙሪያው ማጠር፣ ቢያንስ ሣሩ ሥር እስኪሰድና ዘር እስኪጥል ቦታውን ከንክኪ ነጻ ማድረግ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜም መሬቱ ሥራ አይፈታም። ሣሩ እየታጨደ ለጥጆችና ለታመሙ ከብቶች ይወሰዳል፤ ድርቆሽ ሆኖ ይሸጣል። ሰው የሚታገሠው የትዕግሥቱን ፍሬ እያየ ሲሄድ ነው።

ይህን ሁሉ ቅደም ተከተል ለአፋር አርብቶ አደር እንደ አዲስ ነገር ማስተማር አያስፈልግም። ቦታ መከለል፣ ተራ መጠበቅ፣ የጣሰን መቅጣት የደሶ ሥርዓት ነው። ወሬውን ለማድረስም ዳጉ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ጥድፊያ ቢኖርባቸውም ቁጭ ይላሉ፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ የማን ከብት ታመመ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ ብለው አንዱ ለሌላው ያየውንና የሰማውን ለይቶ ያስረክባል። የተሳሳተ ወሬ ያደረሰ ይጠየቅበታል። አዲስ ቦታ ላይ የበቀለን የመጀመሪያውን ዛፍ ለማግኘት ከዚህ የፈጠነ መረብ ያለው መሥሪያ ቤት የለም።

ከባሪንጎ የተገኘ ማስረጃ

ሣርን መመለስ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ የተገኘው ፍየሏ ከመጣችበት ከባሪንጎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ዛሬ ራኤ ትረስት በሚባለው ሥራ አማካይነት የተራቆቱ መሬቶች ከነዋሪዎች ጋር ታጥረው የአገሬው ሣር ተዘርቶባቸዋል። አንዳንዱ የጋራ ነው፤ አንዳንዱ በቤተሰብ የተያዘ ነው። ባለቤቶቹ ግጦሹን በቀን ያከራያሉ፤ ሣሩን ለቤት ክዳን፣ ዘሩን ለሌላ የተራቆተ መሬት ይሸጣሉ። አጥሩ የሚጠገነው ከዚህ ገቢ ስለሆነ ለጋሽ ሲሄድ ሥራው አብሮ አይሄድም።

በዚያው በባሪንጎ ተመራማሪዎች አፈሩን እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ቆፍረው ለኩ። ፕሮሶፒስ በተራቆተ መሬት ላይ ሲገባ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን ይጨምራል፤ ደጋፊዎቹ የሚያነሱለትም ይህንን ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት የተመለሰ ሣርም በአፈሩ ውስጥ ከዛፉ በማይተናነስ ፍጥነት ካርቦን እንደሚያጠራቅምና በ30 ዓመት ገደማ ወደ ቀድሞው መጠን እንደሚቃረብ አሳየ። ‘ዛፍ ወይስ በረሃ’ የሚለው ምርጫ የተሳሳተ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛ መንገድ ነበረ፤ እሱም ላሟን የሚያበላው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

1.17 ሚሊዮን ሄክታር መመንጠር የሚችል ካዝና ኢትዮጵያ የላትም፤ አያስፈልጋትምም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ብሔራዊ የፕሮሶፒስ ስትራቴጂም ሆነ በስዊዘርላንድ ድጋፍ ካቢ የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያካሄደው የዉዲ ዊድስ ጥናት የሚመክሩት ቦታን በደረጃ መለየት ነው። ዛፉ ባልደረሰበት ቦታ መጠበቅ፤ ገና አንድ ሁለት በበቀለበት ወዲያው መንቀል፤ በሳሳበት አጽድቶ ሣር መመለስ፤ ጥቅጥቅ ካለበት ዳርቻውን አጥሮ እንዳይወጣ መያዝና ቀስ በቀስ እየተጠቀሙ መቀነስ።

ይህ ምክር ከፖለቲካው ስሜት ጋር ይጋጫል። ባለሥልጣን ጉብኝት ሲመጣ የሚታየው ጥቅጥቅ ያለው ጥሻ ነው፤ ገንዘብና ዶዘርም ወደዚያ ይሄዳል። ርቆ ባለ ንጹሕ ሜዳ ላይ የበቀሉ አሥር ችግኞችን ማንም ፎቶ አያነሳቸውም። ግን በአንድ ጥሻ ሄክታር የሚወጣው ጉልበት በንጹሑ ሜዳ ላይ እጅግ ብዙ ሄክታር ያድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች የሒሳብ ባለሙያ አልፈለጉም።

ዘመቻ ብቻውን እንደማይበቃ በጣና ላይም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እምቦጭ በፎገራ፣ በደንቢያና በጎንደር ዙሪያ ዳርቻዎች ሲዛመት በሺዎች የሚቆጠሩ አርሶ አደሮች ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል፤ ከመላ አገሪቱና ከውጭ ወገን ገንዘብ ተዋጥቷል፤ ማሽን ተገዝቷል። ዳርቻዎቹ ጸድተው ነበር፤ አረሙ ግን ተመለሰ። ከተራቆተው ተፋሰስ የሚወርደው ደለልና ማዳበሪያ ሐይቁን መመገቡን አላቆመም፤ የረገፈው ዘርም ለብዙ ዓመታት ጭቃ ውስጥ መቆየት ይችላል። የሕዝቡ ጉልበት ያነሰ አልነበረም፤ የቀረው ጉልበቱን በየዓመቱ የሚያዘልቅ ሥርዓት ነው።

የማን ሣር?

በአፋር ነገሩን የሚያወሳስበው የተጸዳ መሬት ዋጋ ማውጣቱ ነው። ጥሻ ሆኖ ሳለ ማንም የማይፈልገው የአዋሽ ዳርቻ ሲመነጠር ለመስኖ የተመቸ ደለል አፈር ነው። ባለሀብት ለጥጥ ይፈልገዋል፤ መንግሥት ለስንዴ ይፈልገዋል፤ ከጎሳው ራሱ አርሶ መብላት የጀመረ ወጣት ይፈልገዋል፤ መንጋ ያለው ሽማግሌ ለግጦሽ ይፈልገዋል። እርሻ ፕሮሶፒስን በደንብ ይቆጣጠረዋል፤ በየዓመቱ የሚታረስ መሬት ላይ ዛፍ አያድግም። ነገር ግን የበጋው ግጦሽ እንደ 1960ዎቹ ሁሉ ሄደ ማለት ነው፤ መንጋው ወደ ጎረቤት ግጦሽ ይገፋል፤ ግጭቱም አብሮ ይሄዳል። እርሻው ሲከስር ደግሞ የሚሆነው ይታወቃል፤ አንድ ጊዜ ታይቷል።

ስለዚህ ውሳኔው ከምንጠራው በፊት መደረግ አለበት። የትኛው ቦታ ለሣር፣ የትኛው ለእርሻ፣ የትኛው ለከሰል እንደሆነ ጎሳው፣ ወረዳውና ሥራውን የሚደግፈው ድርጅት ተቀምጠው ይስማሙ፤ በስብሰባው ላይም ውሃ የሚቀዱትና ፍየል የሚጠብቁት ሴቶች ይገኙ፤ የዛፉን መንገድ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። ስምምነቱ በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ሳይሆን በወረዳው መዝገብም ይጻፍ፤ ነገ ባለሀብት ሲመጣ የሚከራከርለት ወረቀት ይኑረው። ለመሬቱ ያልታመነ ሰው ለሦስት ከርማ ችግኝ እንዲነቅል መጠበቅ የዋህነት ነው። ሠርቶ ለሌላ ማስረከብን አፋር አንዴ ቀምሶታል።

በጀቱም በዚሁ መጠን ይለወጥ። ለአንድ ሄክታር ምንጠራ ገንዘብ የሚመድብ ዕቅድ ለሣሩ ዘር፣ ለጥበቃውና ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ነቀላ ካልመደበ ያቀደው ማጽዳት ሳይሆን መግረዝ ነው። የሥራው መለኪያም የተቆረጠው ሄክታር መሆኑ ይቅር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሣር ያለበት ሄክታር ይቆጠር። ቆጠራውን ማን ያድርገው ቢባል መልሱ ቀላል ነው፤ ከብቱን በዚያ ሜዳ ላይ የሚያሰማራው ሰው ይቁጠረው፤ የወረዳው ሪፖርት ከእሱ ቃል ጋር ካልተስማማ የሚታረመው ሪፖርቱ ይሁን።